በድሉ የጻፈው ዓረፍተ ነገር

በድሉ በጁባ፣ ሙኑኪ በሚባለው ሰፈር የታወቀ የጀነሬተር መካኒክ ነው። በዚያ ላይ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ቆርቆሮ ሥር የምትሰበሰበው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና ጸሐፊ ነው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ምን ያደርጋል፣ ጣጣውን ያመጣበትም እሱው ነው።

ማንያህልሻል የምትባል የጉባኤው አባል የልጇን ደብተር ይዛ ሽማግሌዎቹ ዘንድ መጣች። ደብተሩ ላይ በትልቁ «የዝግመተ ለውጥ ቲዎሪ» ተብሎ ተጽፏል። ያስተማረችው ደግሞ ሌላ ሰው ሳትሆን ኛቦል ናት፣ የመዘምራኑ መሪ ድምፅ። ኛቦል የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት፤ ግን በስደት አዲስ አበባ አድጋ፣ ባዮሎጂም እዚያው ተምራ፣ ሰላም ሲወርድ ነው ጁባ የገባችው። አገሬ ብላ ብትመጣም ዘመዶቿ በሚስቁበት ጨዋታ እሷ ዘግይታ ነው የምትስቀው። ቤቷ የገባች የሚመስላት በአማርኛ ስትዘምር ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንዱ ተቆጣ፣ ሌላው አመነታ። በድሉ ግን «ምን ያጨቃጭቀናል? ቲዎሪ ማለት ግምት ነው፤ አለቀ!» አለ። ሁሉም ደስ አላቸው። ሰብሳቢው አቶ ብርሃነመስቀል «ጻፈው» አሉት። አሳምሮ ጻፈው፦ «እህት ኛቦል ያልተረጋገጠ ግምትን እንደ እውነት ስለምታስተምር ከዝማሬ አገልግሎት ታግዳለች።» እሑድ በጉባኤው ፊት እንዲነበብም ተወሰነ። የሚያነበውም ያው ጸሐፊው ነው።

ሳይመክሩ ማገድ ነውር ነውና ቅዳሜ ጠዋት በድሉ፣ ኛቦል አትላባራ ሰፈር ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄደ። ኛቦል ገና ከበሩ ስታየው ሮጣ መጣች።

«ጋሽ በድሉ፣ ጌታ ነው የላከዎት! ጀነሬተሩ አልነሳም ብሎ ፈተና ማባዛት አልቻልንም።»

በድሉ የመጣበትን ዋጥ አድርጎ እጅጌውን ሰበሰበ። «ፊልትሮው ነው የሚመስለኝ» አለ። ቢፈታው ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ራሱን አከከ። ናፍጣው ከታንከሩ እስከ ሞተሩ የሚሄድበትን መንገድ በሐሳቡ ተከተለ። «እንግዲያው መስመሩ አየር ስቧል» አለና ብሎኑን ላላ አደረገው። አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ጀነሬተሩ አጓርቶ ተነሳ፤ መምህራኑ አጨበጨቡ።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያን ጊዜ ነገራት። ኛቦል ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልታግዱኝ? እናቴ የሞተች ጊዜ እንባዬን ያበሰችልኝ ያቺ ጉባኤ ናት። ከዚያ ካወረዳችሁኝ የት ልሂድ?»

በድሉ ጨርቁን አስቀመጠ። «ግምት ነው በያቸው፣ ኻላስ፣ አለቀ። አንዲት ቃል ናት። እኔው አስታርቅሻለሁ።»

«ግምት አይደለማ፣ ጋሽ በድሉ። ቅድም ፊልትሮው ነው ሲሉ ነበር ግምቱ። ግምትዎ አልሆነም። ታዲያ ስለ ናፍጣ ሞተር የሚያውቁትን አብረው ጣሉት?»

«ለምን እጥለዋለሁ? አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣ ሲረጭበት ይቀጣጠላል። እሳት የሚጭር ካንዴላ እንኳ የለውም እኮ። ብልሽቱን ያገኘሁት እሱን ይዤ ነው።»

«ሲቀጣጠል ውስጡ ገብተው አይተዋል?»

«ማን ያየዋል!»

«ሳያዩት ሃያ ዓመት እንጀራ በልተውበታል። በስንት ሞተር ተፈትኖ የቆመ ነገር ነው፤ ስህተት ቢሆን ሞተሩ ራሱ ያጋልጠው ነበር። እኛ ቲዎሪ የምንለው እንደዚያ ያለውን ነው።»

በድሉ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ክርክር ተሸንፎ አያውቅም።

«እኔ ግን» አለ በመጨረሻ፣ «የሰውን አመጣጥ ነገር አልቀበልም። ሰውን የፈጠረው ጌታ ነው።»

«እኔስ ጌታን መቼ ካድኩ? ይቀበሉ አላልኩም። ግምት ታስተምራለች ብላችሁ ግን አትጻፉብኝ።»

እሑድ በድሉ ወረቀቱን ይዞ ማይክሮፎኑ ጋ ቆመ። መዘምራኑ ከኋላው ተደርድረዋል፤ ኛቦል አንገቷን ደፍታለች። «እህት ኛቦል ያልተረጋገጠ...» ብሎ ቆመ። ጉባኤው ጠበቀ።

«ወገኖቼ፣ ይችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ» አለ። «ውሸት ናት። እህታችን የምታስተምረውን እኔ አልተቀበልኩም፣ ዛሬም አልቀበልም። ግምት ግን አይደለም። ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። በሐሰት አትመስክር የተባልኩ ሰው እያወቅሁ ላነበው አልችልም።»

ጉባኤው አጉረመረመ። አቶ ብርሃነመስቀል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጉባኤው እንዳይከፈል ግን አጥብቀው ይፈራሉ። ወረቀቱን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱና እንደተጻፈው አነበቡት። ነገሩ እስኪጣራ በድሉም ከሽምግልናው እንዲያርፍ ጨምረው ተናገሩ። ማንያህልሻል «አሜን» አለች፤ የተከተላት ግን ጥቂት ነው።

ኛቦል የመዘምራኑን ካባ አወለቀች። አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችውና መጨረሻው መደዳ ሄዳ ተቀመጠች። በድሉም ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እርስዎም አመኑልኝ እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ።

«የለም። ‹ግምት› ስለምትለው ቃል ብቻ ነው የተናገርኩት።»

መድረኩ ላይ መዝሙር ተጀመረ። መሪ ድምፅ የለውምና እየተንገዳገደ ነበር። ኛቦል ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ትጠርጋለች። በድሉ ጉሮሮውን ጠረገና እሱው ጀመረ። ድምፁ ለመካኒክም ቢሆን የሚያሳፍር ነበር፤ ፊት ያሉት ሕፃናት ዘወር ብለው አዩት። አላቆመም።

«ኧረ ጋሽ በድሉ!» አለች ኛቦል ሳቅና እንባ እየተናነቃት።

«ከመድረክ ነው ያገዱሽ» አላት። «ዘምሪ።»

እሷም ከተቀመጠችበት ጀመረች። ፊት ያሉት መዘምራን ድምፅዋን ሲሰሙ ቀና አሉ፣ መዝሙሩም መስመሩን ያዘ።