ስምንት ዓመት የጎደላት አረጋዊት

ማዕዶት የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያውቁትንም እንዲረሱት አድርጋለች። እንግሊዝኛውን ከተጣለ ጋዜጣ፣ ስዋሂሊውን ማታቱ ከሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ረዳቶች ስድብ ለቃቅማ ተማረች። ዛሬ ከካሳራኒ ሰፈር እስከ ሳውዝ ሲ፣ ፎርም የከበደው አበሻ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ትሞላለች፤ እየሞላችም ትሳደባለች። የሌላ አስተርጓሚ ጽሑፍ ካየችማ፣ "ይቺን ደግሞ የትኛዋ ዶሮ ናት የጫረቻት?" ትላለች። ሰዉም ስድቡን የአገልግሎቱ ክፍል አድርጎ ይቀበላል።

ስለዚህ የጥሩወርቅ ልጅ ሞምባሳ ልትዳር ነው የተባለ ዕለት፣ ጉዞውን ማን ያቅድ የሚል ጥያቄ በቤቱ አልተነሳም።

የማዕዶት እናት እታገኘሁና ጥሩወርቅ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረዋል። ሙሽራይቱን ያዋለደቻት እታገኘሁ ናት፤ እትብቷንም በእጇ ቆርጣለች። "እኔ ሳልመርቃት ከቤት አትወጣም" ብላ ቃል ሰጥታለች። ችግሩ ወገቧ ነው። መሐል ከተማ በማታቱ ደርሳ ስትመለስ እንኳ ሁለት ቀን ትተኛለች፤ በአውቶቡስ ተቀምጣ ሞምባሳ መድረስ የማይታሰብ ነው። ተኝታ ካልሄደች አትሄድም።

ማዕዶት ሦስት ቀን ስልኳ ላይ ተደፍታ መላ አገኘች። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለበዓሉ ሰሞን መኝታ ክፍል ያለው የሌሊት ባቡር ተከራይቷል። ሙሉ ዋጋው ዓይን ያስፈጥጣል። ከታች ግን በደቃቅ ፊደል "የቤተሰብ ክፍል" የሚል ነበር፦ አራት አልጋ በግማሽ ዋጋ፣ ከአራቱ አንዱ ስልሳ ዓመት የሞላው አረጋዊ፣ አንዱም ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሆነ።

"ደቃቁን ፊደል የሚያነብ ሰው ነው የሚተኛው" አለች። "የማያነበው ይቀመጣል።"

ኪሊማኒ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ሐብታሙ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ሚልካን አቅፎ ያዳምጣል። "ልጅ አለን፤ ይቺውና። አረጋዊቷን ግን ጠይቀሻታል?"

"ምን ይጠየቃል? ስልሳዋ ነው።"

"ቤተ ክርስቲያን ሃምሳ ሁለት ነኝ ስትል ነው የሰማሁት።"

"ሴት ልጅ ዕድሜዋን ብትቀንስ ምን አለበት፤ ወረቀቷ አይቀንስ።"

የሰው ወረቀት ስታገላብጥ የኖረችው ማዕዶት የእናቷን ወረቀት ገልጣ አይታ አታውቅም። በማግስቱ እናቷን ይዛ ሳውዝ ሲ፣ ትኬት ወደምትሸጠው ኩለሱም ሱቅ ሄደች፤ መታወቂያውን ሳታየው ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ኩለሱም መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበች። "ዳዳ፣ እህቴ፣ እናትሽ ገና ልጅ ናት። በሰባ ሦስት የተወለደች። ሃምሳ ሁለት።"

ማዕዶት ወረቀቱን ነጠቀቻት። አየችው። ከዚያም ወደ ወረፋው ዞራ ትምህርት ጀመረች። እናቷ በእኛ አቆጣጠር በሃምሳ ሰባት ነው የተወለደችው፤ በፈረንጅ ስልሳ አምስት መሆኑ ነው። አንዱ ጅል ግን ስልሳ አምስቱን አየና የእኛ አቆጣጠር መስሎት እንደገና ስምንት ደመረበት፤ ሰባ ሦስት ገባ። "ሁለት ጊዜ" አለች ጣቷን እያሳየች። "ሁለት ጊዜ ቀየረው። እንዲህ ያለውን አህያ ብዕር ማን እንዳስያዘው ነው የማይገባኝ።"

ወረፋው ራሱን ነቀነቀ።

"አንቺ ነሽ" አለች እታገኘሁ ከተቀመጠችበት፣ ቀስ ብላ።

"ምን?"

"የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። የካምፑ አስተርጓሚ ስልሳ አምስት ብሎ የጻፈውን አየሽና፣ 'ይሄ ሰውዬ የኛን ዘመን ከፈረንጅ አይለይም' ብለሽ ሰደብሽው። አዲስ ፎርም ተቀበልሽና ሞላሽው።"

ማዕዶት ወረፋው ፊት የምትገባበት አጣች። የራሷ እያረረባት የሰው ስታማስል ኖራለች።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ኋላ ነው የገባኝ። ከገባኝ በኋላማ፣ ስምንት ዓመት የሰጠ ሰው ይወቀሳል? ጌታ ይመስገን ብዬ ተቀበልኩ።"

ኩለሱም ሳቋን በሻርፗ ሸሸገች፤ ክፉ ሴት ግን አይደለችም፤ መላውን ነገረቻቸው። ጠበቃ ፊት የተማለ የጽሑፍ ቃል ካመጡ ድርጅቱ ይቀበላል። ስህተቱን የሠራው ሰው ራሱ ይፈርማል፤ ትክክለኛ ዕድሜዋን የሚያውቅ፣ ዘመድ ያልሆነ አንድ ምስክርም ያስፈልጋል። ቅናሹ የሚዘጋው ነገ ነው።

ናይሮቢ ውስጥ የእታገኘሁን የትውልድ ዓመት ሊያውቅ የሚችል የአገሯ ሰው አንድ ብቻ ነው፦ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን አለቃ ዓይናለም። ዓይናለም ሃምሳ ስምንቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እታገኘሁን "ታናሼ" እያለች ወንበር ስታስደረድራት ኖራለች።

በማታቱ ወደ ካሳራኒ ተመለሱ። እታገኘሁ ስትወርድ፣ ወገቧን ይዛ፣ "እሺ" አለች። "ለሙሽራይቱ ስል ላርጅ።"

ጠበቃው ቃሉን ጽፎ ሲያነብ ማዕዶት "በዕውቀት ማነስ ምክንያት" የሚለው ላይ አስቆመችው።

"'በጽሕፈት ስህተት' ቢባልስ?"

"ጽሕፈቱማ ትክክል ነው" አለ ጠበቃው። "ፊደልሽ እንዲያውም ያምራል። የተሳሳተው ሂሳቡ ነው።"

"'በልጅነት' በለው እንግዲያው።"

"ተዪው ማዲ" አለች እናቷ። "አንቺ የሰውን ስታነቢ አንድ ቃል አትለቂም።"

ኩራት እራት አይሆንም፤ አልጋም አይሆንም። ፈረመች። ዓይናለም ብዕሩን ስትቀበል እታገኘሁ አንገቷን ደፋች።

"ይቅር በዪኝ እህቴ። ታናሼ ስትዪኝ ደስ እያለኝ ነው።"

"ምን ይቅርታ አለው?" አለች ዓይናለም እየፈረመች። "ከታላቅ እህቴ ጋር አይደል የተማርሽው? እስከ መቼ ወንበር እንደምትደረድሪ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

አርብ ማታ የባቡሩ ተቆጣጣሪ የቤተሰብ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ "አረጋዊቷ የትኛዋ ናት?" ሲል እታገኘሁ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች። ከዚያ ታችኛው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች፣ ወገቧን አሳረፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሚልካ ፊት ለፊቷ ባለው አልጋ አባቷ ደረት ላይ ተኝታለች።

"ሾሾ፣ ይመቻል?" አለች ሚልካ፣ አያቷን በጊኩዩ ጎረቤቶቿ አጠራር ጠርታ።

"ስልሳ ዓመት እንዲህ እንደሚመች ቢነገረኝ ኖሮ ድሮ እገባበት ነበር።"

ላይኛው አልጋ ላይ የማዕዶት ስልክ ድምፅ አሰማ። የዓይናለም የድምፅ መልእክት ነው። ይኸው መጣ፣ አለች በልቧ፤ እስከ እሑድ ጉባኤው በሙሉ ይሰማል፣ ፎርም ይዞ የሚመጣ ሰው ከእንግዲህ የለም። ከፈተችው።

"ማዕዶት ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ። ስትመለሺ የኔንም ወረቀት ሙዪልኝ። በዕውቀት አይደለም ታዲያ፤ ያኔ ለእናትሽ እንደሞላሽላት።"

ሐብታሙ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ማዕዶት ስልኩን ትራሷ ሥር ከተተችው።

"ስምንቱን እንዳትሰጫት" አለች እታገኘሁ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ለዓይናለም ስድስት ይበቃታል።"