የቆረቆር መድኃኒት

ዛሬ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ ከረባት የሚያስረው የመርካቶ ጎጃም በረንዳ ጎልማሳ ሁሉ፣ አይናገረው እንጂ፣ በልጅነቱ ቆረቆራም ነበር። ያዳኑት እትዬ ሸዋገነት ናቸው። ዘውገም ከነዚያ አንዱ ነው። በሰባት ዓመቱ ጭንቅላቱ ተላልጦ የሰፈር ልጆች አብረን አንጫወትም ሲሉት፣ እናቱ እጁን ይዛ እሳቸው ዘንድ ወሰደችው። ዘጠኝ ቀን ቀቡት። በወሩ ጸጉሩ በቀለ።

ያ ልጅ አድጎ ኬሚስት ሆነ። በ1957 ዓ.ም. የአገሩን ዕፀዋት ለቆዳ በሽታ በሚመረምር አንድ የጥናት ክፍል ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ ይሠራ ነበር። ፈረንጁ አለቃው «የሚያድን ቅጠል ፈልገህ አምጣ፤ ስምህ ከስሜ ጋር ይታተማል፤ ለትምህርትም ወደ ውጭ ትሄዳለህ» ብሎታል። ታዲያ ዘውገ ከእትዬ ሸዋገነት ሌላ ማን ዘንድ ይሂድ?

እትዬ ሸዋገነት መድኃኒቱን የወረሱት ከአባታቸው ነው። አባትየው ሊሞቱ ሲሉ «የቅጠሉን ስም ለሰው የነገርሽ ዕለት ይረክሳል» ብለው አስምለዋቸዋል። እሳቸውም ለገዛ ባላቸው ሳይነግሩ ባል ቀብረዋል። ዘውገ ግን ሦስት ወር ደጅ ጠና።

«እትዬ፣ እርስዎ ያለፉ እንደሆነ ያገር ልጅ በቆረቆር ይለቅ?» አላቸው።

ይህ ቃል አንጀታቸውን በላው። አንድ ማለዳ በራቸውን ዘግተው አሳዩት። ብሳና ነበር፤ ማንም የሚያውቀው ብሳና። ቅጠሉን ይቀጠቅጡታል፤ ሎሚ ይጨምቁበታል፤ አባታቸው ባወረሷቸው የመዳብ ድስት ከድነው ሦስት ቀን ያሳድሩታል። ፈሳሹ አረንጓዴ ሲሆን ደረሰ ይባላል።

ፈረንጁ አሠራሩን በዓይኑ ሊያይ የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ ዘውገን ጭንቅ ያዘው። ድስቱን ከፍቶ ቢያይ ውስጡ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? የኛም ምሁር ድስቱን አውጥቶ ለቆራሌው ሰጠና፣ ፊት የሚያሳይ አዲስ የአሉሚኒየም ድስት ገዝቶ ከተፍ አለ።

«ልጄ፣ የአባቴ እኮ ነው» አሉ እትዬ ሸዋገነት።

«ዝገት ነው እትዬ! ፈረንጁ ካየው ጉድ ነው የምንሆነው።»

ቅጠሉን ቀጥቅጠው፣ ሎሚውን ጨምቀው አዲሱ ድስት ውስጥ ከደኑት። ለተማረ ሰው ምን ይመለሳል? በሦስተኛው ቀን ክዳኑን አንስተው ብዙ አዩት። ፈሳሹ ቡናማ ነበር።

«ልጄ፣ መልኩ አልመጣም።»

«ንጹሕ ስለሆነ ነው» አላቸው። ይህን ሲል ከልቡ ነበር፤ ኋላ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ፈረንጁ መጥቶ እያየ አርባ ብልቃጥ ሞሉ። አርባ ሕፃናት ሁለት ወር ተቀቡ። አንድም የዳነ የለም፤ የጥቂቶቹ እንዲያውም አመረቀዘ። ጽሑፉ ታተመ። ብሳናው ለቆረቆር አንዳች ፋይዳ እንደሌለው ይናገራል፤ ከፈረንጁ ስም ቀጥሎ የዘውገ ስም አለበት። የውጭ አገር ትምህርቱም ተፈቀደለት። መርካቶ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አያነብም፤ የልጁን ጭንቅላት ግን ያያል። ከአዲሱ ድስት የተቀቡት የሰፈር ልጆች አልድን ሲሉ ሰው ከእትዬ ሸዋገነት ደጅ ቀረ። ሥራቸውን እርግፍ አድርገው ተዉት።

ዘውገ ሊሄድ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ጁነዲን ቢሮው ድረስ መጡ። አንድ ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ደቅ አደረጉ።

«ይቺ ዓምና ከሸዋገነት የወሰድኳት ናት። ልጄ ሱሀይር በዚች ነው የዳነችው። ወላሂ፣ ዛሬ ሹሩባ ትሠራለች! አንተ ዋጋ የለውም ብለህ ጻፍክ አሉ። እስቲ ይቺን መርምርና ንገረኝ!»

ፈሳሹ አረንጓዴ ነበር። ዘውገ ከውስጡ ቀንሶ አሞኒያ ጠብ አደረገበት። ወዲያው ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። ይህን ቀለም ገና ተማሪ ሳለ ጀምሮ ያውቀዋል፤ መዳብ ነው። ለካ ሎሚው ድስቱን እየበላ መዳቡን ወደ ፈሳሹ ሲያወጣ ኖሯል። ቆረቆርን የሚያመጣው ሻጋታ ነው፤ መዳብ ሻጋታ እንደሚገድል ደግሞ ዘውገ በገዛ መጽሐፉ ላይ በቀይ እርሳስ አስምሮበታል።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሼ ጁነዲን።

«ገና... ገና እንመረምረዋለን።»

«ግዴለም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ወጡ።

እውነቱን ቢናገር ጽሑፉ ይሰረዛል፤ ፈረንጁ ያፍራል፤ ጉዞው ይቀራል። ዝም ቢል እኚያ ሴት ስማቸው እንደጠፋ ይኖራሉ። በማግሥቱ ልነግራቸው ይገባል ብሎ ወጣ። ያገኛቸው አትክልት ተራ ነው። ጆንያ አንጥፈው፣ ጥቅል ጎመን ከምረው፣ የበሰበሰውን ቅጠል እየላጡ ይጥላሉ። ሲያዩት ብድግ አሉ። እሱ አፉን ሳይከፍት እሳቸው ጀመሩ።

«መጣህ ልጄ? መምጣት የሚገባኝስ እኔ ነበርኩ። የአባቴን ቃል አፍርሼ ስሙን ተናገርኩና እግዜር ነሣኝ። እነዚያን አርባ ሕፃናትም ያስቀጣሁ እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ዓመት ሙሉ ስገጂ ብለውኛል፤ ጉልበቴ እንደሆነ አልችል አለኝ፤ ግን እሰግዳለሁ። አንተንም በፈረንጅ ፊት አሳፈርኩህ። ይቅር በለኝ።»

«ድስቱ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱም የዘውገ ምላስ ላይ ነበሩ። እትዬ ሸዋገነት ጉልበቱን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አላቸው።

ከስንት ወር በኋላ ያን ዕለት ፊታቸው ፈታ አለ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ተመስገን! ይህን ሳልሰማ ብትሄድ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? በል ሂድ፣ በሄድክበት ይቅናህ። እውቀትህ ላገር ይትረፍ።»

«አሜን» አለ ዘውገ።

ደግመው መረቁት፤ ደግሞ አሜን አለ።