ዋስ ያጣው ንጉሥ

አዳማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር ተሻለች ጠላና ንፍሮ መሸጥ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ሐዲድ ሲያነጥፍ በወባ ሞተባት፤ እሷም ወደ ቡልጋ መመለሱን ጠልታ እዚያው ቀረች። ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲገባ ተሳፋሪው አቧራውን እያራገፈ የሚሮጠው ወደ ሾላው ነው። ሰው የሚመጣው ለጠላው ይሁን ለጥላው እሷም ለይታ አታውቀውም። የምታውቀው ዛፉ ከሌለ እሷም እንደሌለች ነው።

በ፲፱፻፳፩ ዓ.ም. ባላምባራስ ሐዲስ ዛፉን ቆርጠው መጋዘን ሊሠሩ ተነሡ።

«ዐፄ ፍሬ ጽዮን እዚህ ሰፍረው ሳለ አንበሳ መጣባቸው» አሉ ለዳኛው። «የእኔ የዘር አባት አዛዥ ስብሐት አንበሳውን በጦር ወግቶ አዳናቸው። ንጉሡም ከዚህ ሾላ እስከዚያ ኮረብታ ርስት ሰጡት። ይኸው አራት መቶ ዓመቱ!»

ወረቀት አልነበራቸውም፤ አፍ ግን ነበራቸው። «ዐፄ ፍሬ ጽዮን ይሙቱ!» እያሉ ከዘራቸውን ሲወዘውዙ ለሰሚው ትናንት አብረው ያመሹ ይመስላሉ።

ዳኛው አቶ መርዳሳ በኦሮምኛ የሚያስቡ፣ በአማርኛ የሚፈርዱ፣ በሁለቱም የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ችሎቱም የሚዋለው እዚያው ሾላ ሥር ነበር፤ ሌላ ጥላ የለማ።

«ተሻለች፣ ልጄ» አሉ ከሦስት ወር ክርክር በኋላ፣ «እኒህ ሰው ንጉሥ ሰጠን ይላሉ። አልሰጠም የሚል ምስክር አለሽ?»

«አራት መቶ ዓመት የኖረ ሰው ከየት ላምጣ፣ አባቴ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ሐሙስ ይዘሽ ቅረቢ። ካጣሽ ለባላምባራስ እፈርዳለሁ።»

ተሻለች በዚያ ቀን ንፍሮዋን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረችበት። ይህን የቀመሰው ደንበኛዋ መሐመድዘይን ነበር፤ ከሐረር የመጣ ሰዓት ሠሪ ነው፣ ሱቁ ከጣቢያው አጥር ጋር የተጣበቀች ቆርቆሮ ቤት ናት። ነገሩን ሰምቶ ጥቂት አሰበ።

«አሁን ጣቢያው ውስጥ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ስንት ይላል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ያንቺስ?»

«ስድስት ነዋ።»

«እንግዲህ አንድ አጥር ብቻ ተሻግረሽ ስድስት ሰዓት ካተረፍሽ፣ አጥሩን የሚያሰፋ መኪና ቢገኝ አራት መቶ ዓመት ምን ያቅታል?»

መኪናውን ደግሞ ሠርቶት ኖሯል። ከባቡር የተጣለ የመዳብ ጋን ነው፤ ዙሪያውን አሥራ አንድ ሰዓት ተደርድሮበታል።

«ባለፈው ዓረፋ የታረደውን በግ በዚህ መልሼ አምጥቼዋለሁ» አላት።

«እሱ በግ ከጎረቤትህ የጠፋው አይደለም እንዴ?»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለኝ» አለ እያዘነ። «ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የመጣው ሰው የሚቆየው ባቡሩ እስኪጮህ ነው። ከዚያ መኪናው መልሶ ይስበዋል።»

ሐሙስ ጠዋት ጋኑ ፈላ፣ አሥራ አንዱም ሰዓት አንድ ላይ ደወለ። ከእንፋሎቱ ውስጥ አጭር፣ ደንዳና፣ ቀይ የሐር ካባ የደረበ ሰው ሰይፉን ታጥቆ ብቅ አለ። ሰዉንም ባቡሩንም አላየም። ቀና ብሎ ሾላውን፣ ከሾላውም ሦስተኛውን ቅርንጫፍ ተመለከተና ጭኑን አሸት አደረገ።

«ይህ ዛፍ ዛሬም አለ?» አለ። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ተሻለች መሬት ስማ ተነሣች። «ጃንሆይ፣ ሺህ ዓመት ያንግሥዎ!»

ሌላ የምትለው ስላጣች ንፍሮ አቀረበች። ንጉሡ ጣሳውን አተኩረው አዩት።

«ማን ይቅመስልን?»

እሷ አንድ እፍኝ ቃመች። አልሞተችም። ንጉሡ የቀረውን አንድ ፍሬ ሳያስቀሩ ጨረሱት።

«ጃንሆይ፣ ይህን መሬት ለአዛዥ ስብሐት ሰጥተውት ነበር?»

«ብዙ ሰጥተናል፣ ብዙም ነጥቀናል። የቱን ለማን እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊያችን ነው።»

ተሻለች ይህን ምስክር ይዛ ልትቀርብ ነው። ግን ሌላ የላትም፤ ሰዉም እየተሰበሰበ ነበር።

አቶ መርዳሳ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው እንግዳውን ከእግር እስከ ራስ አዩት። «አካም ቡልተን» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሉ። እንግዳው ቋንቋውን እንደማያውቅ ሲያዩ ወደ አማርኛቸው ተመለሱ። «ማን ይባላሉ?»

«ዐፄ ፍሬ ጽዮን።»

«አገርዎ?»

«ሁሉም አገራችን ነው።»

«ቤትዎስ?»

«ድንኳን።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቋሚ ቤት የላቸውም። እንግዲያው ዋስ ይጥሩ።»

«እኛ? ዋስ?»

«አገሩ ያልታወቀ ምስክር ዋስ ሳይጠራ ቃሉ አይሰማም። ዋስ ከቆመለት በኋላ ግን የተናገረው በዋሱም ላይ ይጸናል፤ ዋሱ አልቀበልም ማለት አይችልም። ይህ ለንጉሥም ለእረኛም አንድ ነው።»

ንጉሡ ዙሪያቸውን ቃኙ። በዘመናቸው ሲያስነጥሱ መቶ ሺህ ሰው «ይማርዎ» ይል ነበር። አሁን አንድ ዋስ ጠፋ። መሐመድዘይን እጁን ቢያወጣ ዳኛው «አንተ ተቀመጥ፣ የበጉ ጉዳይ ገና አላለቀም» አሉት። ተሻለች እንዳትሆን ባለጉዳይ ናት።

ያኔ ባላምባራስን አየቻቸው። አፋቸውን ከፍተው ካባውን ያያሉ፤ ዓይናቸውም እንባ አቅርሯል።

«ምነው ባላምባራስ፣ ዝም አሉ?» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ሦስት ወር ሙሉ በእሳቸው ሲምሉ የከረሙት እርስዎ አይደሉም? ዛሬ በአካል ሲመጡ ጌታዬን አላውቅም ሊሉ ነው?»

«እውነቷን ነው!» አለ ሕዝቡ።

ባላምባራስ አሰቡት። ርስቱን የሰጡት ንጉሥ ራሳቸው መጥተው ሊናገሩ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ? ይህች ሴት በገዛ እጇ ገመዷን አመጣች! ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«እኔ ዋስ ነኝ! ቤቴ ዐሥራ ሁለት ትውልድ ያውቃቸዋል! ቃላቸው ቃሌ ነው፤ ቢታጠፍ አንድ ጉንዶ ማር እሰጥ!»

«ሕዝቡ ሰምቷል» አሉ አቶ መርዳሳ። «ጃንሆይ፣ ይማሉ።»

«በማን እንማል? ሰው የሚምለው በእኛ ነው።» ጥቂት አሰቡና «እኛ እንሙት» አሉ።

ከሞቱ አራት መቶ ዓመት የሆናቸው ሰው ስለነበሩ መሐላው ብዙ የሚያስፈራቸው አልመሰለም። ዳኛው ግን ተቀበሉት።

ባላምባራስ አላስችል ብሏቸው ቀደሙ። «ጃንሆይ፣ የአንበሳውን ነገር ይንገሩልኝ! አያቴ አዛዥ ስብሐት እርስዎን ከሞት እንዳዳነ!»

የንጉሡ ፊት ጠቆረ። «እኛን ማን አዳነን?»

«አዛዥ ስብሐት... አንበሳው ሊበላዎት ሲል...»

«እኛን አንበሳ? ሊበላን?» ሰይፋቸውን ጨበጡ። «ስሙ እንግዲህ! ስብሐት የድንኳን ጫኛችን ነበር። አንበሳ መጣ፣ እውነት ነው። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ አንበሳ ነበር። ስብሐት እሱን አይቶ እዚህ ሾላ ላይ፣ ያችን ሦስተኛዋን ቅርንጫፍ አቅፎ ወጣ። አንበሳው ከሄደም በኋላ አልወርድ አለ። እስከ ማግስቱ ጭኑ ተልጦ እዚያው አደረ። ርስት አልሰጠነውም። የሰጠነው መሰላል ነው።»

ሳቁ ጣቢያው ድረስ ተሰማ። አንዲት ሴት ጠላዋ ትን አላት።

«ይሄ ንጉሥ አይደለም! አላውቀውም!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ።

«ጌታዬ» አሉ አቶ መርዳሳ ረጋ ብለው፣ «ዋሱ እርስዎ ነዎት። ዐሥራ ሁለት ትውልድ አውቃቸዋለሁ ብለዋል።» ከዚያ ቆሙ። «ንጉሥ ለአዛዥ ስብሐት የሰጡት መሰላል ነው። ባላምባራስ የአያታቸውን መሰላል ካገኙ ይውሰዱ። ሾላው ባለበት፣ ተሻለችም ባለችበት ትኑር። ፈርጃለሁ።»

ባቡሩ ጮኸ። ጋኑ መተንፈስ ጀመረ፤ የንጉሡም ካባ ጫፍ ወደ እንፋሎቱ ይሳብ ጀመር። ተሻለች እግራቸው ላይ ወድቃ ስትስም ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ተናገሩ።

«ለመሰላል ርስት አንሰጥም፤ እሱ እውነት ነው።» ዞር ብለው አዩ፤ የሚሰማ ሰው አልነበረም። «ዛፉ ላይ የወጣነው ግን እኛ ነን። መሰላሉን ያመጣልን ስብሐት ነው።»

ጭናቸውን አሸት አድርገው ጠፉ። ባዶው የንፍሮ ጣሳም አብሯቸው ሄደ።

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ሾላው ላይ አንድ መሰላል ተደግፎ ተገኘ። ማን እንዳስደገፈው ተሻለች እንኳ አላውቅም አለች፤ ሚስማሩ ግን ከመሐመድዘይን ሱቅ የወጣ ይመስል ነበር። ባላምባራስ በበቅሏቸው ሲያልፉ ሰዉ ሁሉ ጠበቃቸው።

«ባላምባራስ፣ ርስትዎን አይረከቡም?» አላቸው አንዱ።

እሳቸው በቅሏቸውን ሊያስፈተልኩ ሲሉ ተሻለች ልጓሙን ያዘችና አንድ ዋንጫ ጠላ አቀረበችላቸው።

«ዋጋ የለውም» አለች። «ለአዛዥ ስብሐት ነው።»

ባላምባራስ ይህች ሴት ደግማ ልታላግጥብኝ ነው ብለው በቁጣ አዩዋት። ፊቷ ላይ ግን ፌዝ አላገኙም። ፀሐይዋም አናት ትበሳ ነበርና ወርደው ከዛፉ ሥር ጠጡት። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ያቺ ዋንጫ ትጠብቃቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም፣ እሷም ለማንም አልተናገረች።