የድልድዩ ጥገና

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የክሩን ጫፍ በምራቁ አሹሎ መርፌው ውስጥ አስገባ። ጥቁር ኮቱ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። አዝራሩ የተበጠሰው ትናንት ጎረቤት አገር፣ ከወዳጁ ከዚያኛው ሚኒስትር ጋር ሲተቃቀፉ ነው። «የድንበሩ ድልድይ አይዘጋም፤ ቃሌ ነው» ብሎት ነበር።

አውሮፕላኑ ሳያርፍ ድልድዩ ተዘጋ። እሱም እንደማንኛውም ዜጋ ከቴሌቪዥን ሰማ። በዚህ በኩል መንግሥቱ አድልዎ አያውቅም።

«አምጣ እኔ ልስፋልህ» አለች ሚስቱ።

«ተይው። የራሴ የምለው ሥራ ይኼ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ለመሆኑ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምን ዘጉት?»

«በምረቃው ፎቶ ላይ ዳር ወጥተዋላ።»

ስልኩ ጮኸ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ሰው ሊያዙ ሲሉ እንደሚሆነው ማር ማር ይላል።

«ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ! ነገ ተመልሰህ ትሄድና ድልድዩ ለጥገና ነው የተዘጋው ትላቸዋለህ።»

«ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ምኑ ነው የሚጠገነው?»

«እሱን አውሮፕላን ላይ ታስብበታለህ።»

«ባለፈው ወር የተመረቀ ድልድይ እኮ ነው። ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነዎት።»

«ያኔ ይሆናላ የተጎዳው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው የሚያጅባቸውን ሳቅ ጠበቁ። አልመጣም።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። ስጥ ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

«ቃልህ እንደ መኪናህ ነው፤ የመንግሥት ንብረት። ሲያስፈልገን እንወስደዋለን።»

ሚኒስትሩ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ።

«እንግዲያው መኪናውን ይውሰዱት። ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ።»

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ሕዝቡን ምን ልንለው ነው?»

«ለጥገና ነው በሉት።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አሁን ታሟል ነው የሚሉህ» አለች ሚስቱ።

«ምኔን?»

«እሱን ማታ በዜና እንሰማለን። ወዳጅህስ?»

«ከዜናው በፊት እደውልለታለሁ። የዋሸሁት እኔ እንዳልሆንኩ ከኔ ይስማው።»

«አሁኑኑ ደውላ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አንድ ጊዜ፣ ይቺን ልጨርስ።»

ሁለቴ ወግቶ አወጣ፤ ክሩን ቋጥሮ በጥርሱ በጠሰው። አዝራሩን ቆልፎ ሞከረ፤ ጠብቋል። ኮቱን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከማይለበሱት ጎን ሰቀለና በሩን ዘጋው።