የመሰለች ልክ

የሁለተኛው መስመር ሰፊዎች ከሰርቪስ ወርደው ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ፣ የአንደኛው መስመር ሰፊዎች ገና ለቅሷቸውን አልጨረሱም ነበር። አርባ የሚሆኑ ሴቶች በአንድ ጊዜ አለቀሱ። የሚሠሩበት የልብስ ስፌት ድርጅት ማሽኖቹን ሁሉ አንድ ላይ ማቆም ስላልቻለ ሠራተኞቹን በየመስመራቸው ከፍሎ፣ ለያንዳንዱ መስመር ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ነው የላካቸው። ከቃሊቲ እስከ አቃቂ በሰቃ ያለው የመኪና ሰልፍ ግን የማንንም ፕሮግራም አያውቅም፤ ሁለቱን መስመር ለቅሶ ቤት አገናኛቸው።

ሟቹ አያና ቀጀላ የድርጅቱ ዋና ቆራጭ ነበር። ሦስት ወር ኩላሊቱን ታሞ ተኛ፣ ማክሰኞ ሞተ፣ ረቡዕ ተቀበረ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሚስቱ መሰለች ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ተቀምጣ፣ የሚስሟትን ሴቶች በየተራ ትቀበላለች። እንባ የላትም። ትናንት ከመቃብር ስትመለስም አልነበራትም። ይህን ያላየ የሰፈር ሰው የለም። ፔርሙዝ ይዘው ቡና የሚያዞሩት ጎረቤቶች “ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” እየተባባሉ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል እንጂ ለመሰለች ይሰማታል።

እሷ የምታየው የሰዎቹን ትከሻ ነው። የቆየ ልማድ ነው። ሰው ፊት ስትቀርብ አስቀድማ የምታየው የሰውየውን ትከሻ ነው፤ ቀጥላ የራሷን ነጠላ በግራ በኩል ከፍ አድርጋ ትደርባለች። የግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ወጣትነቷን በፈትል ፋብሪካ የድውር ክር ሣጥን በዚያ ትከሻ ስትሸከም ስለኖረች ነው። የገበያ ቀሚስ በገዛች ቁጥር ታላቅ እህቷ አቻምየለሽ በግራ በኩል በመርፌ ቁልፍ ታነሳላታለች። እንደዚያም ሆኖ አንገቱ ላይ ይጨማደዳል።

ለአያና ያላለቀሰችውም በዚሁ ትከሻ ምክንያት ነው። ለማንም ብትናገረው አያምንላትም።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ መስታወት የለበሰው የድርጅቱ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የለም። ልዕልት የምትባል አንዲት ወጣት በሰቃ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ፣ አራት ሲንጀር ገጥማ ልብስ ማሰፋት ጀምራ ነበር። አያና ከፋብሪካው የሠራተኛ ልብስ ስፌት ክፍል ተቀንሶ እሷ ዘንድ የገባው በዚያ ዓመት ነው። ልዕልት ከውጭ መጽሔት የተገለበጠ ቅድ ሰልችቷት፣ ለአገራችን ሴት የሚሆን መነሻ ፓተርን፣ ጨርቅ የሚቆረጥበት ልክ፣ አውጣልኝ አለችው። ይህን መሰለች አታውቅም። አያና የሥራ ወሬ ቤት ይዞ የሚገባ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ማንኛውንም ወሬ ይዞ አይገባም።

እሷ የምታውቀው አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ “እስቲ ቁሚ” ማለቱን ነው። በመኝታ ቤቱ በርና በአልጋው መካከል አቆማት። ነጠላዋን አስወለቃት። ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን፣ ጀርባዋን ለካ። በተጋቡ በስምንት ዓመታቸው እንዲያ ሰዓት ወስዶ ያያት ቀን የለም። ቀሚስ ሊሰፋላት ነው ብላ ደስ አላት። መጨረሻ ላይ እጁን በሁለት ትከሻዋ ላይ አሳረፈና “ግራሽ ዝቅ ይላል” ብሎ ቁጥሩን ጻፈ።

ቃሉ እዚያው ተሰካባት። ቢሆንም ቀሚሱን ጠበቀች። ለቀሚሱ የሚሆን ክሬም ጫማ ገዝታ አልጋው ሥር አስቀመጠች። ፋሲካ አለፈ። ለመስቀል፣ “ቀሚሴስ?” ስትለው “እየሠራሁት ነው” አላት። በዓመቱም ጠይቃው ያንኑ መለሰላት። በሦስተኛው ዓመት ጫማውን ለአቻምየለሽ ልጅ ሰጠችና ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ለክቶኝ፣ ጎባጣነቴን አይቶ፣ ጨርቅ ማበላሸት መስሎት ተወው ብላ ደመደመች። ሰውየው የከተማውን ሴት ሁሉ ሲያለብስ ኖሮ ለሚስቱ አንድ ቀሚስ ሳይሰፋ ሞተ። እንባዋን የያዘው ይኸው ነው።

ድርጅቱ አደገ። ቃሊቲ ላይ ሕንፃ ሠራ፤ ሰዉ “መስታወቱ” ይለዋል። ታች ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ይተኮሳል፤ ላይ ወጣቶች ኮምፒውተር ላይ ይስላሉ፤ ከሁሉም በላይ ልዕልት ትቀመጣለች። መሰለች አንዴ ብቻ ሄዳለች፣ በሁለት ሺህ አምስት ሲመረቅ። ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች ተደርድረው ነበር፤ የሁሉም ትከሻ እኩል ነው። ለስላሳዋን ግማሽ ጠጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ልዕልት ለዚያ ዓመት የገና በዓል በስጦታ የላከችላትን ቀሚስ ከነፕላስቲኩ ለጎረቤት ሰጠችው። ለክቶ ከቀረ ሰው ድርጅት የሚመጣ ልብስ ገላዋን እንዳይነካ ምላ ነበር።

የሁለቱ መስመር ሴቶች ወደ ሰርቪሳቸው ሲመለሱ አንዲት ወጣት ቀረች። እምነት ትባላለች፤ የድርጅቱን ፓተርን በኮምፒውተር የምትሠራው እሷ ናት። አንድ ጥቁር ቀሚስ በክንዷ ይዛ ነበር። ወይዘሮ ልዕልት ለሐዘን ልብስ ብላ ልካዋለች፤ ነገ ለሰልስቱ ራሷ ትመጣለች። እምነት ሌላም መልእክት ነበራት፤ ግን ለመሰለች መንገሩ ከብዷት ለአቻምየለሽ በጆሮዋ ነገረቻት። ጋሽ አያና ቤት የሚያስቀምጡት የፓተርን ካርቶን አለ። ታመው ሳሉ ቀድመው በቆረጡት ጨርቅ ሲሠራ ቆይቶ አልቋል፤ አሁን የሦስት መቶ ቀሚስ ትዕዛዝ ተይዟል፤ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። ካርቶኑ ካልተገኘ መቀሱ ሥራ አይጀምርም።

አቻምየለሽ ነገሩን ለእህቷ ስታደርስ ተቆጥታ ነበር፤ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ካርቶን ይጠየቃል ወይ አለች። መሰለች አልተቆጣችም። ካርቶኑ የት እንዳለ ታውቃለች። ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። እስኪታመም ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ አያና በየማታው ይዞት ይገባ፣ ጠዋት ይዞት ይወጣ ነበር። የሥራ ዕቃ ነው ብላ ነክታውም አታውቅም። ሰልስቱ ይለፍና ይወስዱታል አለች።

ቀሚሱ ግን ችግር ሆነ። አልለብስም እንዳትል ሌላ ከል የላትም፤ የተዋሰችው የእህቷ ቀሚስ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። አቻምየለሽ መኝታ ቤት አስገባቻት፤ እምነትም ተከተለች። አቻምየለሽ እንደ ልማዷ መርፌ ቁልፎቿን በከንፈሯ ይዛ ተዘጋጀች።

ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ።

አቻምየለሽ በግራ በኩል ጎተት አደረገችው፣ አንገቱን ዳበሰችው፣ ወደ ኋላ ዞራ ጀርባውን አየች። የሚነሳም የሚያዝም ነገር አጣች። መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ወገቡ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ሰፍቷል፤ መሰለች በሽተኛ ስታስታምም በሦስቱ ወር ከስታለች።

“ይሄ የማን ልክ ነው?” አለች መሰለች።

“የድርጅቱ ነው፣ እትዬ። ሁሉም ቀሚሳችን በዚህ ነው የሚቆረጠው።”

“ግራውን ዝቅ ያደረገው ማነው?”

እምነት ፊቷ ቀላ። የድሮ ጥፋቷን ተናገረች። አዲሱ ሕንፃ የገቡ ሰሞን የጋሽ አያናን ፓተርን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። ግማሹን ስላ፣ ሌላውን ግማሽ ማሽኑ እንዲገለብጠው አደረገች፤ ትምህርት ቤት የተማረችው እንደዚያ ነው። ሁለቱ ትከሻ እኩል ሆኖ ወጣ። በሁለት ወር ውስጥ ቀሚሶች መመለስ ጀመሩ፤ ሴቶቹ አንገቱ ይይዘናል ይላሉ እንጂ ምክንያቱን አያውቁትም። ጋሽ አያና ምንም አላሉም። ካርቶናቸውን ከመደርደሪያው አውርደው በዚያው ቆረጡ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ቢሮ አሳድረውት አያውቁም።

“ለምንድነው እኩል ያልሆነው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር” አለች እምነት። “ትከሻው እኩል የሆነ መስቀያ ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጎኑ የተሸከመው ነገር አለ አሉኝ።”

መሰለች ቀሚሱን እንደለበሰች ወጥታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ማታ የሰፈሩ ሴቶች ቀሚሱ እንዴት ልክክ እንዳለላት ሲነጋገሩ፣ ባሏ ሰፍቶ አስቀምጦላት ነው አለች አንዷ። መሰለች ሰማቻት። እንዳታርማት ምን ብላ ታርማታለች? እንዳትተወው ደግሞ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ግን አሁን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ያ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳት።

በማግስቱ ሰልስቱ ወጣ። ልዕልት መጣች፣ አለቀሰች፣ ስለ ካርቶኑ ትንፍሽ ሳትል ሄደች። ለድርጅት ባለቤት የሚያኮራ ጨዋነት ነው፤ ካርቶኑን እንድትቀበል እምነትን ትታ መሄዷ እንጂ። እድርተኞቹ ውጭ ድንኳኑን መንቀል ሲጀምሩ መሰለች እምነትን ጠርታ መኝታ ቤት ገባች፤ አቻምየለሽም ተከተለቻቸው። ካርቶኑን ከምስማሩ አወረደችው። ላስቲኩን ፈትታ አልጋው ላይ ዘረጋችው።

ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል። የካርቶኑ ፊት በቀይ እርሳስ መስመር የተሞላ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ገባ ወይም ወጣ እያለ ከብብት እስከ ዳሌ ይወርዳል። በያንዳንዱ መስመር ጫፍ ዓመተ ምሕረት ተጽፏል። ትከሻው ላይ ግን መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ ግራው ዝቅ እንዳለ፣ ከሰማንያ ዘጠኝ ጀምሮ አልተነካም።

“ደንበኞች ሲወፍሩና ሲከሱ እየተከተሉ የሚያስተካክሉት ነበር የሚመስለን” አለች እምነት።

መሰለች ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አስኬደች። “ዘጠና አንድ” አለች። “ብሩህን የወለድኩ ዓመት ነው።” መስመሩ ወገቡ ላይ ወደ ውጭ ወጥቷል። “ዘጠና ስምንት። ታይፎይድ ይዞኝ አርባ ቀን ተኝቼ ነበር።” ይኸኛው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከሁሉም የጠበበው እሱ ነው። ሁለት ሺህ ሦስት። ሁለት ሺህ ስድስት። ፋብሪካውን በጡረታ ትታ ቤት ስትቀመጥ ሆዷ የተዘረጋበት ጊዜ ነው፤ ያንንም ጽፎታል።

“መቼ ለካሽ ይሄን ሁሉ?” አለች አቻምየለሽ።

“አንዴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜትር ይዞብኝ አያውቅም።”

እንግዲህ በዓይኑ ነው የለካት። ሰሃን ስታነሳ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ወደ ሥራ ስትወጣ በዝምታው ውስጥ ሆኖ አይቷታል፤ አስቦ ልቡ ውስጥ ይዞ ሄዷል፤ ካርቶኑ ላይ አሥፍሯል። እየሠራሁት ነው ያላት ሐሰት አልነበረም። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች እሷን ለብሰው ሠርግ ሄደዋል።

“አንድ ቀሚስ ግን ምን ነበረበት?” አለች ወደ ካርቶኑ። ንዴቷ እውነተኛ ነው። ግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ያንን ግማሽ ቀን አልሰጣትም፤ ካርቶኑ ያንን አይክስም። ወይም ቢናገር። መናገሩማ ግማሽ ቀንም አይፈጅም ነበር።

እምነት ካርቶኑን መጠቅለል እንዳለባት ወይ እንደሌለባት አላወቀችም። መሰለች ትዕዛዛቸውን በሁለት ሺህ ስድስቱ መስመር እንዲቆርጡ፣ ኮምፒውተሩ እንዲገለብጠውም እንዳይተዉት ነገረቻት። ከዚያ የበሩን ጀርባ ባዶ ምስማር አየችና፣ “ሲጨርሱ ይመለሳል” አለች። እምነት እሺ አለች።

“ሜትር ይዘሻል?”

ይዛለች፤ ከቦርሳዋ አወጣችው። ቀይ እርሳስም ነበራት።

“ሁለት ሺህ ስምንት ቀርቷል” አለች መሰለች። “ከስቻለሁ። ቢኖር ያስገባው ነበር።”

ነጠላዋን አውልቃ ለእህቷ ሰጠቻት። በበሩና በአልጋው መካከል ሄዳ ቆመች። ውጭ የድንኳኑ ብረቶች እየተነቀሉ መሬት ላይ ሲጣሉ ይሰማል። እምነት ሜትሩን ዘርግታ ቀረበችና እጇን ሳታሳርፍ ጠበቀች፤ መሰለች ሰው ሲያያት እንደለመደችው፣ የግራ ትከሻዋን ወደ ላይ ይዛዋለች።

“እትዬ፣ ዘና ይበሉ” አለቻት።

መሰለች ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋን ለቀቀችው።