የዳሩ መስመር

ልብስ ሰፊዋ ውሃ ውስጥ መራመድ የጀመረችው ጉልበቷ በቃኝ ስላላት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ኖራ፣ አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቷ ስትወጣ ደረጃው መሀል ተቀምጣ አለቀሰች። ሐኪሙ፣ «በሳምንት ሦስት ቀን፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። አለዚያ ቀዶ ጥገና ነው» አላት። ቀዶ ጥገና የሚለውን ቃል ስትሰማ ገና ላብ ያጠምቃታል።

የሕዝብ መዋኛው ገንዳ በገመድ የተከፈሉ አራት መስመሮች አሉት። ሦስቱ የዋናተኞች ናቸው። አራተኛው፣ ከግድግዳው ጥግ ያለውና የብረት መደገፊያ የተገጠመለት፣ የእሷና የመሰሎቿ ነው። ጡረታ የወጡት ዳኛ ብረቱን ጨብጠው እግራቸውን ያንፈራግጣሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር አስተማሪ በጀርባዋ ትንሳፈፋለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ወገቧን ይዛ፣ ገበያ እንደረፈደባት ሴት፣ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ለሚያልፈው ለሚያገድመው ሁሉ «ይቅርታ» ትላለች፤ ውሃ ለሚረጩባትም ጭምር።

በመኪና የምታመጣት ልጇ ናት። ልጅቷ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ በፊት በፈጣኖቹ መስመር እየዋኘች ለመሥሪያ ቤቶች ውድድር ትዘጋጃለች። እናት ከዳር ሆና የልጇ ክንድ ከውሃው ብቅ ጥልቅ ሲል ስታይ ኩራቷ ለጉድ ነው። ደግሞም በሁለት ወር ውስጥ ጉልበቷ እሺ ማለት ጀመረ። ደረጃውን ሳታርፍ የወጣች ዕለት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ነገር ያመጣው «ጀልባው» የሚሉት ባለ ሰፊ ትከሻ ዋናተኛ ነው። ውድድሩ ሲቃረብ ሦስት መስመር ጠበበኝ አለ። መቅደም የፈለገ ዋናተኛ የፊተኛውን ተረከዝ ነካ ማድረጉ የገንዳው ደንብ ነው። እሱ ግን ወደ ዳሩ መስመር እየገባ የዳኛውን ተረከዝ መንካት ጀመረ። ሰውየው ብረት ይዘው የቆሙ ናቸው፤ የት እንዲሄዱለት እንደፈለገ እንጃ!

«እኛ እንዋኛለን፣ እነሱ ይዘፈዘፋሉ» አለ አንድ ቀን፣ ሁሉም እየሰማ።

ገንዳ ጠባቂው ጭቅጭቁ ሰለቸውና አንድ ሰኞ ጠዋት ፊሽካውን ነፋ። ሁሉም ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«የዳሩ መስመር ጠዋት ለዋናተኞች ይሁን፣ ሌሎቹ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ይምጡ የሚል ሐሳብ ቀርቧል» አለ። «በእጅ እንጨርሰው። መጀመሪያ፣ እንዳለ ይቆይ የምትሉ።»

በዘጠኝ ሰዓት ልጅቷ ቢሮ ናት። አውቶቡስ ላይ ተጋፍቶ፣ ቆሞ መሄድ ደግሞ ለዚያ ጉልበት የማይታሰብ ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ለማስላት ጊዜ አልፈጀባትም።

ዳኛው እጃቸውን አወጡ። አስተማሪዋ አወጣች። ከመካከለኛው መስመርም አራት ደጋግ ሰዎች አወጡ። የልብስ ሰፊዋ እጅ ግን ውሃ ውስጥ ቀረ። ይሉኝታ የሚሏት በሽታ ይዛት ነው፤ ለእሷ መድኃኒት ያዘዘ ሐኪም እስካሁን አልተሰማም። እንዴት ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ ለራሷ ጉዳይ እጅ ታውጣ? ደግሞስ ልጄ አለችልኝ አለች በሆዷ፤ በእሷ በኩል ሲመጣ ያምራል። ወደ ልጇ አየች። ልጅቷም ወደ እናቷ አየች። እናት ፈገግ አለች፤ ለሰው ሁሉ የምታሳየውን ያንኑ «ለእኔ አታስቡ» የሚል ፈገግታ።

«ስድስት» አለ ጠባቂው። «ለዋናተኞች ይሁን የምትሉስ?»

ጀልባውና አምስት ጓደኞቹ አወጡ። ልጅቷ እናቷን አንዴ ደግማ አየቻትና እጇን አነሳች። ሰባት።

መኪና ውስጥ ገብተው ትንሽ እንደሄዱ ልጅቷ፣ «ከፋሽ እንዴ እማዬ?» አለች።

«ምን ይከፋኛል።»

«እጅሽን ሳታወጪ ሳይ፣ አትፈልገውም ማለት ነው ብዬ ነው። ደግሞ ባለፈው ሰለቸኝ ብለሽኝ የለ?»

ብላለች። በማለዳ ተነስታ የምታመላልሳት ልጇ አሳዝናት፣ «ኧረ እማዬ፣ እኔ ደስ እያለኝ ነው» እንድትላት ብላ ነበር ያለችው። ልጅቷ ያን ዕለት ያለችው «አይዞሽ» ብቻ ነው። እናት አሁን አንጀቷ እርር አለ፤ በልጇም በራሷም።

«ካስፈለገ አለቃዬን አስፈቅጄ በዘጠኝ ሰዓት ላመላልስሽ እችላለሁ» አለች ልጅቷ፣ ቀይ መብራት ይዟቸው ቆመው።

«አያስፈልግም። ሐኪሙ እኮ በቃሽ ብሎኛል።»

ሐኪሙን ካየችው አምስት ሳምንት አልፏታል፤ ወደዚያም የምታደርሳት ይህችው ልጅ ናት። ልጅቷ መሪውን እንደያዘች ዓይኗን ከመብራቱ ላይ አላነሳችም። እናት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «መቼ? ማን ወስዶሽ?» እስክትባል ጠበቀች። ያቺን አንዲት ጥያቄ ብትጠየቅ ሁሉንም ልትዘረግፈው ነበር።

«ተመስገን» አለች ልጅቷ። መብራቱም አረንጓዴ ሆነ።