ለእንግዳ መነሳት

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ፣ እኔ አለሁ። አንተ ደግሞ እጅህን ሰብስብ ብዬሃለሁ!»

እድላዊት ይህን ስትል ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ወይዘሮ ንግስቲ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ወጣ ብለው፣ ሁለት እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አንገታቸውን አስግገው ሊነሱ ሲሉ ልጃቸው ፍትዊ በብብታቸው ሥር ገብቶ ብድግ አደረጋቸው። አሮጊቷ ቆሙ። ቆሙ ከተባለ ነው እንግዲህ፤ ሥራውን የሠራው ፍትዊ ነው።

«እናቴ እኮ ናት፣» አለ ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ። «ስትፍጨረጨር እጄን አጣጥፌ ልያት?»

«አዎ! ልታያት!»

ካሰበችው በላይ ጮኸች። የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷ ጋለ። ወይዘሮ ንግስቲ ደግሞ ጭራሽ ለእሷ አዝነው፣ «ተይው የኔ ልጅ፣ ደክሞሻል፣» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ ደክሟታል። ሌሊት አባቷን ለሽንት ስታስነሳ፣ ከዚያ ለፈተና ስታነብ፣ ዓይኗን ሳትከድን ነው የነጋው። እንግዲህ አራተኛ ዓመት ላይ ስትደርሺ ይቀልልሻል ያሏት ሰዎች የት እንደገቡ እንጃ።

አስተማሪዋ አቶ ሞቱማ ወደ መስኮቱ ጠራት። ሊቆጣት ነው ብላ ጋውኗን አስተካክላ ቆመች።

«ቤት ውስጥ ማን እንደሚያነሳቸው ጠየቅሽ?»

«ሁሉም ያነሷቸዋል። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ጎረቤቱ ሳይቀር።»

«በቃ፣ እግራቸው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ልጁን ግን አትቆጪው። በፍቅር የሚሠራ ስህተት በቁጣ አይታረምም፤ ቀስ ብለሽ አስረጂው።» ከዚያ፣ «አባትሽስ?» አላት።

«ደህና ነው።»

«ሰኞ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ፣» አለች። ዋሸች። እንደምትመጣ በምን ታውቃለች?

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷን፣ አቶ ቃለሕይወትን፣ ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታቸው። የቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። እናቷ ካረፈች ቆይቷል፣ ወንድሟ ማኑ አዳማ ነው የሚሠራው፤ እሱ የሚልከው ለመድኃኒትና ለአስቤዛ ነው የሚበቃው፣ ሰው ለመቅጠር አይተርፍም። አቶ ቃለሕይወት ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዣንጥላ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ምን ጡረታ አለው? አሁን ዎከራቸውን፣ ያን ባለአራት እግር መደገፊያ፣ ይዘው ሽንት ቤት ድረስ ይሄዳሉ። መሄዱን ይችሉታል። የማይችሉት ከወንበር መነሳቱን ነው። አንድ ሰው ካላነሳቸው እዚያው ውለው እዚያው ያመሻሉ።

ቀን ቀን የሚያነሷቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት ነበሩ። ትናንት ማታ ግን በር ላይ ጠርተዋት፣ «ልጄ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ። ሐኪሙም ሸክም አትንኪ አለኝ። እስከ እሑድ እንደምንም ልቻለው፣ ከዚያ በኋላ ግን…» ብለው እንባቸው መጣ። እድላዊት ምን ትበላቸው? አቅፋ ሳመቻቸው። በአባቷ ምክንያት ከአታችመንት፣ ከሆስፒታሉ የተግባር ልምምድ፣ የቀረችባቸው ቀናት ደግሞ ሞልተዋል፤ ከእንግዲህ አንድ ቀን ብትቀር ዓመቱን ከሚቀጥሉት ተማሪዎች ጋር ትደግማለች ተብላለች። በሚቀጥለውስ ዓመት ማን ያነሳቸዋል? አቶ ቃለሕይወት እስከ ሰኞ ብቻቸውን ካልተነሱ እድላዊት ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ትቀመጣለች። ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤት ስታዘግም እግሮቿ የእሷ አልመስል አሏት። የሰው እግር ስታነሳ ስትጥል የዋለ ሰው የራሱን እግር ማንሳት ሲያቅተው ያስቃል፣ ግን አልሳቀችም። ዳቦ ልትገዛ ኢዶሳ ሱቅ ጎራ ስትል ኢዶሳ ገና ከሩቅ አይቷት ትከሻውን ገልጦ ጠበቃት።

«ወጌሻችን መጣች! ይቺን ትከሻዬን እስቲ አንዴ እሽት አድርጊልኝ፣ ሞቼልሽ።»

«ወጌሻ አይደለሁም አልኩህ እኮ። ያሳየሁህን እንቅስቃሴ ሠራኸው?»

«እሱንማ ማን ይሠራል? አንቺ እያለሽልኝ!»

እያጉረመረመች በአንድ እጇ አሸችለት፣ በሌላው ዳቦዋን ተቀበለች። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ወገቡን ይዞ የሚመጣ፣ ጉልበቱን ይዞ የሚመጣ፤ ሥራ ስትሰጠው ግን ሁሉም ይጠፋል። አንዳንዴ የልደታን ሰፈር ሰው ሁሉ በጀርባዋ ያዘለች ይመስላታል።

ቤታቸው ኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ነው። አቶ ቃለሕይወት ጠዋት ያስቀመጠቻቸው ወንበር ላይ፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ቆልፈው ተቀምጠዋል። ከታመሙም ወዲህ ሳይለብሱ አይቀመጡም፤ ሰው ሊመጣ ይችላላ!

ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «አባዬ፣ እንሥራ?» አለች።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

«ቁጭ ብድጉን?» አቶ ቃለሕይወት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ምን አጥፍቼ?»

ይኸው ተጀመረ። እሳቸው ተማሪ ሳሉ ቁጭ ብድግ ያረፈደ ልጅ የሚቀጣው ቅጣት ነበር፤ ጆሮውን ይዞ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሳቀበት። እድላዊት ስፖርት ነው ብላ አስረድታለች፣ ሐኪም ያዘዘው ነው ብላለች፣ ለምናለች፣ ተቆጥታለች። ወይ ፍንክች!

«በዚህ ዕድሜዬ በልጄ ፊት ቁጭ ብድግ ልቀጣ? ያውም እየቆጠርሽብኝ?»

«አልቆጥርም። ዛሬ አልቆጥርም፣ በሞቴ።»

«እግሬ እምቢ አለኝ አልኩሽ እኮ።»

«አባዬ፣» አለች። «እማማ ወለተሰንበት ከሰኞ ጀምሮ አይችሉም። አንተን የሚያነሳህ ሰው የለም። ትምህርቴን ላቋርጥ ነው።»

የአቶ ቃለሕይወት ደህናው እጅ የኮታቸውን ጠርዝ ያሻሸዋል።

«ትምህርትሽን ያስቆምኩሽ እኔ ነኝ?» አሉ። «ሰንፌ መሰለሽ? ሌሊት ሌሊት ተኝቼ በህልሜ እንኳ የማየው እኮ ስነሳ ነው።»

እድላዊት ተናዳ ነበር፤ በእሳቸው፣ በወንበሩ፣ በሰኞ። አሁን ደግሞ በመናደዷ አፈረች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል። እዚያው ትንሽ ሳታንቀላፋ አልቀረችም።

በሩ ሲንኳኳ ብድግ አለች።

አቶ ሰላሁን ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከአባቷ ጎን ተቀምጠው የሚጽፉት ሽማግሌ። ሥራ ውለው ወደ ቤታቸው ሲያልፉ ጎራ ይላሉ። ስንት ዓመት አብረው ተቀምጠው እስከ ዛሬ አንቱ ነው የሚባባሉት።

«እንዴት ዋላችሁ?» አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«ኖር!» አሉ አቶ ቃለሕይወት፤ ደህናው እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨበጠ።

«በእግዜር! ኧረ አይገባም! በልደታ ማርያም ይዤዎታለሁ፣ እንዳይነሱ!»

እድላዊትም እንደ ልማዷ ፈጥና ከአባቷ በስተቀኝ ቆማ መዳፏን ትከሻቸው ላይ አሳረፈችና ጫን አደረገች። «ተው አባዬ፣ ትወድቃለህ።»

መዳፏ ሥር ትከሻው ወደ ላይ ገፋት።

እጇን አላነሳችም፤ ደነገጠች እንጂ። እንደገና ጫን አለች፤ እንደገና ገፋት። ወደ ታች ስትመለከት የቀኝ ጭናቸው ከሱሪያቸው ሥር ተወጥሯል። ያ «እምቢ አለኝ» የሚሉት እግር! ተረከዙ መሬቱን ይዟል። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኞቿን ስትለምነው የምትውለው ነገር ይኸው እዚህ፣ በገዛ እጇ ሥር፣ ካልተነሳሁ እያለ ይታገላል። ለካ አባቷ ለልምምድ አይነሱም እንጂ ለእንግዳ ይነሳሉ። ለካ ከክረምት ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊነሱ ይሞክራሉ፤ የእድሩ ሰዎች፣ የነፍስ አባታቸው፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም «አይገባም» እያለ ያስቀምጣቸዋል። የመጣው ሁሉ ጨዋ፤ ጨዋነቱ ደግሞ ከወንበሩ ጋር አጣበቃቸው። ከሁሉም የባሰው የእሷ እጅ ነው፤ አራት ዓመት የተማረ እጅ። ጠዋት ፍትዊ ላይ እንዴት እንደጮኸች ትዝ ሲላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

እጇን አነሳች።

«አቶ ሰላሁን፣ እባክዎ አይቀመጡ።»

ሽማግሌው ወደ ሶፋው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። «ምን አልሽ?»

«እዚያው በሩ ጋ ቢቆሙልኝ። አባዬ ሊነሳልዎ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? የታመመ ሰው ለእኔ ይነሳ? ምነው፣ እንዲህ ያለ ነውር!»

«ይቁሙላት፣ አቶ ሰላሁን፣» አሉ አቶ ቃለሕይወት። ድምፃቸው ውስጥ የቆየ ኩራት ነበረበት። «ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።»

ወደ ጠርዙ ወጡ። ገፉ። መቀመጫቸው ከወንበሩ ለቀቅ አለና ተመልሰው ዱብ አሉ። አቶ ሰላሁን «እኔን!» ብለው ተንደረደሩ፤ እድላዊት ክንዷን ዘርግታ አገደቻቸው። ሁለቱም እጆቿ ወደ አባቷ ብብት መሄድ ፈልገዋል፤ የፍትዊ ነገር አሁን ገባት።

«አባዬ፣ እግርህን ወደ ኋላ ሳብ አድርግ። ሁለቱንም። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ አቶ ሰላሁን አጎንብስ። እጅ እንደምትነሳቸው።»

አቶ ቃለሕይወት አጎነበሱ። አፍንጫቸው ከጉልበታቸው አለፈ። ቀኝ እግራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ተገተረ፣ የወንበሩ ክንድ ሲጥ አለ። ተነሱ። ቀስ እያሉ፣ ጠመም ብለው፣ ግን ማንም ሳይነካቸው። ቀጥ ሲሉ ኮታቸውን በደህናው እጃቸው ሳብ ሳብ አደረጉ።

«ኖር፣ አቶ ሰላሁን።»

አቶ ሰላሁን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። አይገባም አላሉም። «በእግዜር፣» አሉ፤ «በእግዜር፣ ወንድሜ።»

«ይቀመጡ እንጂ ታዲያ! እስከ መቼ ሊያቆሙኝ ነው?»

ሦስቱም ሳቁ፤ አቶ ሰላሁንም ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አቶ ቃለሕይወት ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ብቻቸውን ተቀመጡ፤ ላባቸው ጆሮ ግንዳቸው ላይ ይወርዳል። እድላዊት ስትስቅ እንባዋ አመለጣትና ወደ ሶፋው ሄዳ ከአቶ ሰላሁን ጎን ወደቀች። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ጊዜ መነሳት አንድ ጊዜ ነው። ሰኞ ማንም በሌለበት ቤት፣ ደክሟቸው ሳለ፣ ይነሳሉ? አሁን ደክሟቸዋል፤ ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም። ለዛሬ ይበቃቸዋል ብላ ሳታበቃ ከውጭ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች!»

ወይዘሮ ወለተሰንበት ናቸው፤ በዚህ ሰዓት መጥተው አቶ ቃለሕይወትን አንስተው ከዎከሩ ጋር ያገናኟቸዋል። ወገባቸውን ይዘው በሩ ጋ እንደቆሙ በመጋረጃው በኩል ጥላቸው ይታያል።

አቶ ቃለሕይወት እጃቸው ወደ ወንበሩ ክንድ ሄደ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ዞረ፤ አግዢኝ ይሁን ተይኝ እሳቸውም የለዩት አይመስልም። አቶ ሰላሁን ለሴትዮዋ ሊነሱ ከፍ ብለው ነበር፤ የልጅቷን ፊት ሲያዩ መለስ ብለው ተቀመጡ።

የእድላዊት እግሮች ሳታዛቸው ተነሱ። ከልጅነቷ ጀምሮ ትልቅ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የምትነሳው እሷ ነበረች፤ ስትዘገይ ጭኗን ቆንጥጠው ያስተማሯት እኚሁ አባቷ ናቸው። በዚህ ቤት ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ ልጅ ተቀምጣ አታውቅም።

መነሳቱን ለአባቷ ትታ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ በክብደቷ ሁሉ ተጫነቻቸው።

«ይግቡ እማማ፣» አለች፤ «በሩ ክፍት ነው።»